በአጥር ሥር ያለው ጉሎና በሽቦ የምትበረው አይሮፕላን



ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ሻሸመኔ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ ወደ ባሌ፣ ሌላው ወደ ወላይታ ሶዶ ይወስዳል። በዚያ መገናኛ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ወደ አጥሩ ሥር ብትመለከቱ፣ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተከፈለ፣ ፍሬው እሾኽ የለበሰ ተክል ታያላችሁ። ይኸውም ጉሎ ነው። እናቶቻችን ለምጣድ ማሰሻ፣ ቆዳ ፋቂዎችም ለቆዳ ማልፊያ ያውቁታል። በባሕር ማዶ ግን ይህ ተክል የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ታሪክ ተካፋይ ሆኗል። ታሪኩን በአጭሩ እናወሳለን፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሰው ሞተር ያላትን ትንሽ አይሮፕላን ከምድር ሆኖ በገመድ መምራት ቻለ። ከዚያም የዚያው ግዛት ሰው ጂም ዎከር ዘዴውን አሻሽሎ በ1942 የፈጠራ ባለመብትነት አገኘበት። አብራሪው በእጁ በያዘው እጀታ ላይ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ይታሰራሉ፤ አንዱን ሲስብ አይሮፕላኗ ትወጣለች፣ ሌላውን ሲስብ ትወርዳለች፤ እርሱም በመካከል ቆሞ አብሯት ይዞራል። በ1955 ዎከር ኮክስ የተባለውን ሠሪ በመብት ጥሰት ቢከስስም፣ ሴንት ክሌር ቀዳሚ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ፍርዱ ለኮክስ ሆነ።

ነገር ግን ችግር ነበር። የቀድሞዎቹ ትንንሽ ሞተሮች እሳት የሚያገኙት ከባትሪና ከቦቢና ስለ ነበረ፣ ይህን ሁሉ ክብደት አይሮፕላኗ መሸከም ነበረባት። በ1947 ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ የፕላቲን ሽቦ የተጠቀለለባትን ካንዴላ አወጣ። ሽቦዋ በባትሪ ለአፍታ ትግላለች፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ባትሪው ይነሣል። ፕላቲን ከሜታኖል ጢስ ጋር ሲገናኝ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ በሞተሩ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ተባብሮ ግለቱ አይበርድም። ስለዚህም ከ1 ሲሲ ያነሰ ሞተር እንኳ አይሮፕላን ለማብረር በቃ።

ይህ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከምድር የሚወጣው የማዕድን ዘይት ከሜታኖል ጋር አይዋሐድም፤ የጉሎ ዘይት ግን ይዋሐዳል፤ በብርቱ ሙቀትም ብረቱን ከመፋተግ ይጠብቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጦር አይሮፕላኖች የበረሩት በዚሁ ዘይት ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ ዘይት ቢኖርም፣ ብዙ አብራሪዎች ጉሎውን አልተዉትም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት የዱር ጉሎ መነሻ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያም ጭምር እንደ ሆነ ይናገራሉ። ፕላቲንም ቢሆን በወለጋ ዩብዶ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ተቈፍሮ ወጥቷል። ሁለቱም በአገራችን ነበሩ፤ ያገናኛቸው ግን ሌላ አገር የተቀመጠ፣ «ይህ ለምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

ስለዚህ ከቢሮ ስትመለሱ ልጃችሁ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ብታገኙት ለቍጣ አትቸኵሉ። የጉሎ ፍሬ መርዝ ስለ ሆነ ወደ አፉ እንዳያስገባ፣ ሽቦም ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ መሥመር እንዳይጠጋ አስጠንቅቁት፤ ከዚያ ወዲያ ግን አጠገቡ ተቀምጣችሁ ምን እንዳገኘ ጠይቁት።