መልካቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ለየቅል የሆኑ ቃላት

በሁለት ቋንቋዎች ውስጥ በጽሑፍ ወይም በድምፅ ተመሳስለው በትርጉም የሚለያዩ ቃላት በትርጉም ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙ የስህተት ምንጮች መካከል ይጠቀሳሉ። ኬስለርና ዴሮኪኚ የተባሉ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1928 በፈረንሳይኛ ባሳተሙት መጽሐፍ "ሐሰተኛ ወዳጆች" ሲሉ የሰየሟቸው ሲሆን፣ ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቃላቱ እንደ አመጣጣቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ምንጫቸው የተለያየ ሆኖ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ናቸው። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ፊደል የሚጻፉ በመሆናቸው ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናሉ። "ሎሚ" በአማርኛ የፍራፍሬ ስም ሲሆን በትግርኛ "ዛሬ" ማለት ነው። "ገዛ" በአማርኛ ግሥ ሲሆን በትግርኛ "ቤት" የሚል ፍቺ አለው። "እዩ" ደግሞ በአማርኛ "ተመልከቱ"፣ በትግርኛ "ነው" ማለት ነው። በመሆኑም "ኣኼባ ሎሚ እዩ" የሚለው የትግርኛ ማስታወቂያ "ስብሰባው ዛሬ ነው" የሚል መልእክት ቢኖረውም፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን የሚያውቃቸው ሊመስለው ይችላል።

አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መመሳሰሉ በአብዛኛው የሚያጋጥመው በንግግር ነው። በአማርኛ በእንስሳት የሚጎተተው ተሽከርካሪ "ጋሪ" ሲባል፣ በአፋን ኦሮሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል "ጥሩ" ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ በምንጭ አንድ ሆነው በጊዜ ሂደት በትርጉም የተለያዩ ናቸው። "ሀገር" በግዕዝ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ "ከተማ" ማለት ሲሆን በዛሬው አማርኛ ግን በዋናነት የሚያመለክተው መላ አገርን ነው። ከጣሊያንኛ የተወሰደው "ፋብሪካ" እና የእንግሊዝኛው "ፋብሪክ" ሁለቱም ከላቲን የመነጩ ቢሆኑም፣ የእንግሊዝኛው ቃል "ጨርቅ" የሚል ትርጉም ይዟል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንዲወስኑ ደንግጓል። በዚህም ምክንያት ደብዳቤዎችና ሰነዶች ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይተረጎማሉ።

ያልታወቀ ቃል ተርጓሚውን ወደ መዝገበ ቃላት ይመራዋል፤ የታወቀ የሚመስል ቃል ግን ሳይጠየቅ ያልፋል። ከዚህ የተነሳ የቀጠሮ ቀን፣ የንብረት ዓይነት ወይም የቦታ ስም የያዘ ጽሑፍ ሲተረጎም ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ጋር ማንበብ፣ ሰነዱም ከመፈረሙ በፊት ቋንቋው የአፍ መፍቻው በሆነ ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ተገቢ ነው።