«ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» ካልን በኋላ

ኢንተርን ሳለሁ፣ ግላኮማ ሁለቱንም ዓይናቸውን የወሰደባቸው አንድ አባት ነበሩ። ራውንድ ላይ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» አልናቸው። እሳቸውም «እሺ ልጆቼ፣ ታዲያ ከነገ ጀምሮ ምን ልሥራ?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርስ ተያየንና ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍን።

ጥያቄያቸው ሳይለቀኝ ከርሞ፣ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት ታሪክ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ሰው የሙያ ባልደረባችን ሆኖ ቁጭ አለ።

ቶማስ ሮድስ አርሚቴጅ እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። ለንደን ሕክምና ተማረ፣ በክሪሚያ ጦርነት ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ግን ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ሙያውን ተወ። ሀብት ስለነበረው ቤቱ አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ የለንደንን ድሆች ዓይነ ስውራን እየዞረ መጎብኘት ያዘ።

ያኔ ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት ብቻ አልነበረም። በጣት የሚዳሰሰው ጽሕፈት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱን የተማረ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም። እያንዳንዱ ስልት ደግሞ የራሱ ተከራካሪ አለው። አንዳንዱ የላቲን ፊደል ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የታተመበት ነው፤ ለሚያይ ሰው ያምራል፣ ለጣት ግን አይመችም።

በ1868 አርሚቴጅ ጥቂት ዓይነ ስውራን ወዳጆቹን ቤቱ ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። እኔን የማረከኝ ደንባቸው ነው። የሥራ አስፈጻሚ አባል ለመሆን ዓይነ ስውር መሆን ወይም በዓይን ማንበብ አለመቻል፣ ቢያንስ ሦስት የጽሕፈት ስልቶችን ማወቅ፣ ከአንዳቸውም የገንዘብ ጥቅም የሌለው መሆን ያስፈልጋል። የጥቅም ግጭት የሚባለውን ነገር ያኔውኑ አስበውበታል ማለት ነው! ሁለት ዓመት ያህል ሲመረምሩ፣ አንባቢዎችን ሲጠይቁ ቆይተው በ1870 ብሬልን መረጡ። ፈጣሪው ሉዊ ብሬል ከሞተ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። የብሬል ትልቁ ብልጫ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ዓይነ ስውሩ ራሱ መጻፍ መቻሉ ነው። ካምፓስ ውስጥ በስታይለስ ወረቀት እየወጉ ሌክቸር የሚጽፉትን ጓደኞቻችንን ታስታውሳላችሁ፤ እነዚያው ስድስት ነጥቦች የእኛንም ፊደል ተሸክመዋል።

ማንበብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። አርሚቴጅ ፓሪስ ውስጥ ዓይነ ስውራን ፒያኖ እየቃኙ ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ አይቶ ነበር። ስለዚህ በ1872 ከአሜሪካዊው ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ከፍራንሲስ ካምቤል ጋር ለንደን ላይ ሙዚቃና የፒያኖ ቅኝት የሚያስተምር ኮሌጅ ከፈተ። የእኚያ አባት ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር፤ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ መልስ።

አርሚቴጅ በ1890 አረፈ። ማኅበሩ ግን አደገ። በ1914 ብሔራዊ ተቋም ተባለ፤ በ1935 በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ከሚረዳው ሴንት ደንስታንስ ጋር ሆኖ በሸክላ የተቀዱ የሚደመጡ መጻሕፍትን ጀመረ፤ በ1953 ደግሞ «ንጉሣዊ» የሚለውን ማዕረግ በስሙ ላይ ጨመረ።

ስሙ ለረጅም ዘመን «ለዓይነ ስውራን» የሚል ነበር። በ2002 «የዓይነ ስውራን» ተብሎ ተለወጠ። በእኛ አጻጻፍ «ለ» ወደ «የ» ተቀየረች፣ ይኸው ነው። አርሚቴጅ ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ይህችን ነገር ከ134 ዓመት በፊት ደንባቸው ውስጥ አስገብተዋት ነበር።