ካቴና ያልነበረው ዳገት

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ስትነሳ ማርሽ አልነበራትም። ጋፋት ላይ የቀለጠችው፣ 70 ኩንታል ገደማ የምትመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ በጋሪ ተጭና በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ግድም ጉዞ ጀመረች፤ መቅደላ የደረሰችው መጋቢት ላይ ነው። መንገዱ የሚጠረገው እየተሄደ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ፣ ሠራዊቱ ገመድ እየሳበ፣ ጅዳና በሽሎ ታለፉ። ዳገቱን ከፋፍሎ የሚያቀል ነገር ስላልነበረ ሸክሙ እንዳለ በሰው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከዚያ 12 ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ ሃንስ ሬኖልድ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ማንችስተር ላይ ባለ ሮለር ካቴና ሠራ። አምስት ዓመት ቆይቶ ጆን ስታርሊ የኮቨንትሪውን ‹‹ሮቨር›› ብስክሌት አወጣ፤ ፔዳሉ ከፊት ጎማ ተላቆ በካቴና የኋላውን ማዞር ጀመረ።

ይህ ብረት ወደ እኛ የመጣው ጣልያንኛ እየተናገረ ነው። ካቴና፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፤ አንድ ብስክሌት ሲፈታ ከጠጋኙ አፍ የሚወጣው ቃል ሁሉ የጣልያን ወረራ ዘመን ማኅተም ይዟል። ደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እጁን ሰጠ። ቃላቱ ግን ቀሩ፤ ዛሬ ከአማርኛ ለይቶ የሚያያቸው የለም።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የዚያ ዘመን የውድድር ብስክሌት ከኋላ ቢበዛ አምስት ማርሽ ነበረው። እሱም ቢሆን ትልቅ እፎይታ ነበር። እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ በቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መለወጫ ክልክል ስለነበር ጋላቢው ዳገት ሥር ወርዶ የኋላ ጎማውን ይፈታና አገላብጦ ያስር ነበር።

ለደቡብ ጎንደር ብስክሌተኛ የዳገቱ መንገድ የመጣው ዘግይቶ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ የወረታ–ወልድያ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እጅ ተሠራ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ አንዲት ማርሽ ይበቃታል። በጎንደር መስመር አዲስ ዘመንን አልፎ በጣራ ገዳም ደን ግርጌ የሚያልፍ ሰው ግን እግሩ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍማ በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ዳገት ካቴና ይበላል። ‹‹ተለጠጠ›› ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም፤ አቧራና ጭቃ ከቅባቱ ጋር ተቀላቅሎ ፒኖቹ የሚዞሩበትን ቦታ ይሞርደዋል። ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ ተይዞ ሃያ አራት ክፍተት ሲቆጠር 30.48 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ከዚያ በ1.5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ካቴና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ የኋላ ማርሾቹም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ካቴና ብቻ የገዛ ሰው ዳገቱ ላይ ተነሥቶ ሲረግጥ ካቴናው ጥርስ እየዘለለ ይጥለዋል። ካቴናን በጊዜ መለወጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ማርሹ ከካቴናው ይወደዳል።

ማርሾቹ በአንድነት ተሰክተው የሚወጡበትን፣ ካሴት የሚባለውን አሠራር ያስፋፋው ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ሞዞ (የጎማ እምብርት) ነው። ገዢው መጀመሪያ ከኋላ ያሉትን ማርሾች ይቁጠር፦ ለአሥራ አንድ ማርሽ የአሥራ አንድ ካቴና፣ ለስምንት የስምንት። የማርሹ ቁጥር ሲጨምር ካቴናው ይቀጥናልና አንዱ በሌላው ቦታ በወጉ አይሠራም። ቀጥሎ ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ እንዳለው ያያል። ለባሕር ዳር 25 ጥርስ ይተርፋል። ለደብረ ታቦር ግን 34 ይሻላል፤ ከፊት ካለው ባለ 34 ጋር ሲገጥም ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ዞሮ 2.1 ሜትር ያህል ይራመዳል። የማርሽ መለወጫው 34 መሸከሙን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ካቴና ከአዲሱ ጎን ሰቅሎ በቁመት መቁረጥ ያሳስታል፤ አሮጌው በመበላቱ ረዝሟል። የሚቆጠረው ቀለበቱ ነው። ከ25 ወደ 34 የተሻገረ ሰው ደግሞ ትልቁን ማርሽ የሚዞርበት ጥቂት ቀለበት ጨምሮ ይቆርጣል።