ከመኳንንቱ ጋር የተሸኘው ሥራ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቅቁ ለአገራችን ሁለት ምክር ቤቶች ሰጡ፤ ታችኛው የሕግ መምሪያ፣ ላይኛው የሕግ መወሰኛ። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ብዙ ዘመን ካገለገሉ መኳንንት መካከል። የመምሪያውንም አባላት ቢሆን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል፣ የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምኑን ፓርላማ ሆነ?» ይሉኛል። እኔ የምመልስላቸው መወሰኛው ሲቋቋም ዋና ጥቅሙ ሕግ ማውጣት እንዳልነበረ ነው። በየግዛቱ ጦርና ግብር ይዞ የኖረ መኳንንት አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በንጉሡ ዓይን ሥር ሆኖ፣ በጽሑፍ በቀረበ ጉዳይ ላይ እንዲመክር ማድረግ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታችኛውን ምክር ቤት ለሕዝብ ምርጫ ከፈተው፤ ከዚያም እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ተመረጡ። ላይኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ዕድሜው ከ35 ያላነሰ፣ መስፍን ወይም መኳንንት፣ የቀድሞ ከፍተኛ ባለ ሥልጣን፣ ወይም በጠባዩና በአገልግሎቱ የተከበረ ሰው ለስድስት ዓመት ይሾማል፤ የአባላቱ ቁጥር ከእንደራሴዎቹ ግማሽ አይበልጥም። ከቤተ መንግሥት ሞገስ የራቀም ወደዚያው ይላክ ስለነበር ወንበሩ ለብዙዎች የክብር ጡረታ ነበር።

በዚህ ፓርላማ ታሪክ እኔን የሚያንገበግበኝ የጭሰኛው ሕግ ነው። አባቴ አርሲ ውስጥ፣ ችላሎ አውራጃ፣ እኩል አራሽ ነበር። እህሉ ተወቅቶ በነፋስ ከተለየ በኋላም ከአውድማው አይነሣም፤ የባለ መሬቱ ወኪል መምጣት አለበት። ወኪሉ ቁናውን ራሱ ይዞ ይሰፍራል፤ አንድ ቁና ወደዚያ፣ አንድ ቁና ወደዚህ። ዘሩ የአባቴ፣ በሬዎቹ የአባቴ፣ ጉልበቱም የአባቴ ነበር። በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ሲመጣ መሬቱ ዋጋ አወጣ። ያኔ ባለ መሬቶቹ ትራክተር አስገቡና ጭሰኛውን መንቀል ጀመሩ። ስዊድኖቹም ጭሰኛውን የሚጠብቅ ሕግ ይውጣ እያሉ መንግሥትን ወተወቱ።

ረቂቁ ተዘጋጅቶ ፓርላማ ገባ። የባለ መሬቱንና የጭሰኛውን ውል ሥርዓት የሚያስይዝና በዘፈቀደ ማስነሣትን የሚገታ ነበር እንጂ መሬት የሚያከፋፍል አልነበረም። ያም ሆኖ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥፋቱን ሁሉ በላይኛው ምክር ቤት ላይ አልጭንም፤ በታችኛውም ባለ ርስቱና ባለ መሬቱ ብዙ ነበር። ግን ላይኛው ምክር ቤት ለምን ይኖራል? የታችኛው በችኮላ ወይም በጥቅም ያለፈውን ረጋ ብሎ እንዲያይ ነው። የሚያየው ሰው ራሱ ብዙ ጋሻ መሬት ያለው ከሆነ ደግሞ መርጋቱ ለማን ይጠቅማል? አባቴን ከመሬቱ ለማስነሣት አንድ የእርሻ ወቅት ይበቃ ነበር፤ ረቂቁ ግን ዓመታት ፓርላማ ውስጥ ተኛ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ሁለቱንም ምክር ቤቶች በተነ። ለዓመታት የመወሰኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበ በዚያው ኅዳር ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆኑ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነት በአንድ ቀን ተሻረ። በቤታችን እልል ተባለ፤ የዚያን ቀን ደስታ ዛሬም አላቃልለውም። ግን አዋጁ በየትኛውም ምክር ቤት አልተነበበም፤ ማንም ተነሥቶ አንዱን አንቀጽ እንዲህ ቢሆን አላለም። መሬቱ የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው የሚለው ቃልም በዚያው አዋጅ ሳይመከርበት ገባ፤ እስከ ዛሬም አብሮን አለ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ምክር ቤት ተመለሰ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር በሹመት የሚሰጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ይጨመርለታል። ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፤ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄን ይወስናል፤ የክልሎችን የድጎማ ቀመር ያወጣል። በሰኔ 2012 ምርጫው በወረርሽኝ ሲራዘም የምክር ቤቶቹን ዘመን ያስቀጠለው እሱ ነው። በውክልና ረገድ ከመወሰኛው እጅግ ይሻላል፤ የሕግ ረቂቅ ግን አይመረምርም። መኳንንቱን ስናሰናብት ሥራውንም አብረን አሰናበትነው፤ እስካሁን ማንም መልሶ አልያዘውም። ዛሬ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል፤ ፕሬዚዳንቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ባይፈርሙበትም ሥራ ላይ ይውላል።