ዝናብ፣ ጭቃና ሁለት ለጋ ፈረሶች

ዝናቡ የጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። 11 ሰዓት ሲሆን፣ ፈረሶቹን መኪና ላይ ስንጭን፣ ጭራሽ ብሶበት ነበር። አለቃዬ መሪውን ይዛ፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ፣ ሁለቱ ፈረሶች ከኋላችን ድርቆሻቸውን እያላመጡ በጠባቡ የገጠር መንገድ ነጎድን። አገሩ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ወሩ ሚያዝያ። እዚያ አገር በሚያዝያ ዘነበ ብሎ የሚደነቅ የለም። የሚያስጨንቀው መሬቱ ነው፤ ዋልካ ነው፣ ውሃ ከጠጣ አይለቅም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበልና ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ አልጋልብም። እንጅባራ ያደገ ሰው እንግሊዝ አገር ፈረስ ቤት ተቀጠረ ሲባል፣ ሰው ሁሉ ጥር 23 ቀን ሽምጥ እየጋለበ የሚያልፈውን የአገው ፈረሰኛ ነው የሚያስበው። የእኔ ሥራ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ማብላት፣ ኮርቻ መጫን ነው። ጋላቢዋ አለቃዬ ናት።

ፈረሶቹ ሁለቱም 5 ዓመታቸው ነው። አንዱ ዳማ ነው፣ የራሷ የአለቃዬ። ሌላው አምባላይ ነው፤ እሱ ባለቤት አለው፣ እሷ የምትገራው በክፍያ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረው የእንግሊዝኛ ስማቸው ሦስት መስመር ስለሚሞላ እኔ በመልካቸው ነው የምጠራቸው። አቤት ባይሉም ጆሯቸውን ያቆማሉ።

የምንሄድበት ውድድር ኢቨንቲንግ ይባላል። አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋላቢ፣ ሦስት ፈተና። ነገሩ ከወታደር ቤት የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ የሚወዳደሩት መኮንኖች ብቻ ነበሩ። የጦር ፈረስ በሰልፍ ላይ መታዘዝ አለበት፣ መልእክት ይዞ ጉድባና አጥር እየዘለለ አገር ማቋረጥ አለበት፣ ከዚያ ሁሉ በኋላም ለሌላ ሥራ ብቁ ሆኖ መገኘት አለበት። ሦስቱ ፈተናዎች የመጡት ከዚህ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች ፈተናው ለቀናት ይከፋፈላል። እኛ የሄድንበት ዓይነት ግን የአንድ ቀን ነው፦ መጀመሪያ ድሬሳዥ፣ ከዚያ የአጥር ዝላይ፣ መጨረሻ አገር አቋራጭ። የሚቆጠረው የቅጣት ነጥብ ነው፤ ትንሽ ያለበት ያሸንፋል።

ሜዳው በር ላይ ትራክተር ቆሞ ጠበቀን። ለጊዜው ሥራ አልነበረውም። የቆመው ለማታ ነው፣ ሰው ሁሉ መኪናውን አስነስቶ ጎማው ባለበት ሲሽከረከር።

አሁን ታኬታ ላይ ደረስን፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ የእኔ ግዛት ነው። የፈረስ የብረት ጫማ ተረከዙ አካባቢ ብሎን የሚቀበል ቀዳዳ ይበጅለታል። እዚያ ላይ ታኬታ ይታሰራል። ኳስ የተጫወተ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፤ ለደረቅ ሜዳ አጭርና ሹል፣ ለጭቃ ረዘም ወፈር ያለ። ቀዳዳው ቆሻሻ እንዳይሞላው ከቤት በጥጥ ደፍነን ነው የምንመጣው። ጥጡን በሚስማር ጎልጉሎ ማውጣት፣ ቀዳዳውን ማጽዳት፣ ከዚያ ብረቱን በእጅ አስጀምሮ በቁልፍ ማጥበቅ። ይህ ሁሉ የሚሠራው 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ እግሩን ጭናችሁ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነው። በዕድሜ የበሰለ ፈረስ ነገሩ ገብቶት እያንቀላፋ ይጠብቃል። የ5 ዓመት ፈረስ ግን ዝናብ ጀርባው ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሌላ ፈረስ በሩቅ ሲያሽካካ፣ አንድ እግሩን ለሰው ማበደሩን ይረሳና ይነጥቃል። ታኬታው ጭቃ ውስጥ ይገባል። ጎንበስ ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። አንገታችሁ ላይ ይዘንባል።

እዚያው ተከራከርን። እኔ ትልቁን ታኬታ እንሰር አልኩ።

«አይሆንም» አለች፤ «ኮቴው መሬት ሲነካ ትንሽ መንሸራተት አለበት። ጨርሶ ከተያዘ ኃይሉ የሚያርፈው መገጣጠሚያው ላይ ነው። እነዚህ ገና ልጆች ናቸው።»

መካከለኛውን አሰርን።

ድሬሳዥ ሣር ላይ ነው፣ 20 በ40 ሜትር በሆነ አጥር ውስጥ። ፈረሱ በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በደንገላሳ የታዘዘውን ክብና መስመር ይሠራል፤ ዳኛዋ ለእያንዳንዱ ከ10 ትሰጣለች። ዳኛዋ የተቀመጠችው መኪናዋ ውስጥ ነው። በዚህ ደረጃ ባለ ውድድር ይህ የተለመደ ነው፤ ጀምሩ የሚባለውም በመኪና ጥሩምባ ነው። በዝናብ ቀን ደግሞ የመስታወት መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ዳማ መኪና ብርቁ አይደለም፣ እንዲህ የሚወራጭ መኪና ግን አይቶ አያውቅም። አንገቱን አስግጎ እያጠና ሳለ ጥሩምባው ጮኸ። ወደ ጎን ሁለት ሜትር ተስፈነጠረ። ከጥሩምባው በኋላ ለመግባት ያለው ጊዜ 45 ሴኮንድ ነው፤ እሷ ግማሹን አንገቱን እየዳበሰች አሳለፈችው።

ገባ። ዝናቡ ከኋላ ሲመታው ደህና ሄደ። ፊቱን ወደ ዝናቡ ባዞረ ቁጥር ግን መስመሩን ለቆ ይጣመማል። ፈረስ መስክ ላይ ዝናብ ሲመጣበት ዳሌውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ተፈጥሮው ነው። የ5 ዓመት ፈረስ «ፊትህን ለዝናብ ስጥና ቀጥ ብለህ ሂድ» ሲባል ጋላቢው የተሳሳተ ነው የሚመስለው። ዳማ 65.5 በመቶ አገኘ። ያ ከ100 ሲቀነስ 34.5 ቅጣት ነው።

አምባላይ ሌላ ፍጥረት ነው። ዝናቡንም መጥረጊያውንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ቀጥ ብሎ ገባ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ 28.5። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከምድቡ አንደኛ ነበር። ባለቤቱ ጃንጥላውን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ሲንጎራደድ አየሁት፤ ደስታ እግሩን አላስቀምጥ ብሎታል። ሰውዬውን አትጥሉት። የፈረስ ባለቤት ለወራት ይከፍላል፣ ይህችን የመሰለች ቀን በዓመት ስንቴ ታገኘዋለች?

በመካከል የምንጠብቀው ጊዜ ነበረን። የፈረሱ መኪና ውስጥ ሻይ እየጠጣን ስለ ዝናብ ወሬ ተነሣ፤ እዚያ አገር ፈረሰኛ ሁሉ የየራሱ የዝናብ ታሪክ አለው። ትልቁ ግን የሜክሲኮው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት ኦሎምፒክ፣ የኢቨንቲንጉ አገር አቋራጭ የተካሄደው አቫንዳሮ በሚባል ተራራማ ቦታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ጅረቱ ሞላና አጥሮቹን ዋጠ። በጠዋት የጋለበና ከሰዓት የጋለበ አንድ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደሩ አይመስሉም። በዚያ ጎርፍ የቡድኑን ወርቅ እንግሊዞች ወሰዱ፤ ከመካከላቸው ጄን ቡለን የምትባል ነርስ ነበረች፣ አወር ኖቢ በሚባል ትንሽ ፈረስ ላይ። 54 ዓመት የሞላው ዴሪክ ኦልሁሰን ደግሞ በግል ብሩን ወሰደ።

እንግሊዞች ይህን ሲተርኩ ደረታቸው ይነፋል። ስለ ባድሚንተን ሲሆን ግን ዝም ይላሉ። ባድሚንተን በዚህ ስፖርት ከሁሉ የሚከበረው ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው የተጀመረው። በ1963 አየሩ ስለከፋ ያን የሚያህለው ውድድር ወርዶ የአንድ ቀን ሆነ። በ2012 መሬቱ ውሃ ስላቋረ ጭራሹን ተሰረዘ። ትልቁ ባድሚንተን በዝናብ ሲሰረዝ ማንም ፈሪ አላለውም። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ወደ ሜዳችን እንመለስ። በዚህ ደረጃ የዝላዩ አጥር እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አገር አቋራጩ እስከ 90። ብዙ አይደለም፤ በደረቅ ቀን ለሁለቱም ጨዋታ ነው። ዳማ አንዱን አግዳሚ በኋላ እግሩ ነክቶ ጣለ፣ 4 ቅጣት። ይሁን። አምባላይ ሁሉንም ሳይነካ ዘለለ። ብዙ ሰው ያየው ይህንን ብቻ ነው። እኔ ግን ከጥግ ቆሜ ሌላ ነገር አየሁ። ከአምስተኛው አጥር በኋላ ሲታጠፍ የኋላ እግሮቹ ከሥሩ ሸሹ፤ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ተነሣ፣ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የዘለላቸው አጥሮች ግን እንደ መጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ከእያንዳንዱ በፊት አንዲት አጭር እርምጃ ይጨምራል። መሬቱን ማመን አቁሟል። አለቃዬም ኮርቻው ላይ ሆና አውቃዋለች፤ ስትወጣ ፊቷ ላይ የአሸናፊ መልክ አልነበረም።

ዳማ ቀድሞ ወደ አገር አቋራጩ ወጣ። መነሻው ሦስት ጎን ያለው የእንጨት በረት ነው፤ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ተብሎ ይለቀቃል። ፍጥነቱ በደቂቃ 450 ሜትር ነው፤ መንገዱ 2250 ሜትር ስለነበር የተፈቀደው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ለሚዘገይ ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 0.4 ይቀጣል። በየአጥሩ ቀይ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጭ በግራ፤ በመካከላቸው ማለፍ ነው። በየአጥሩ አንድ በጎ ፈቃደኛ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ይመዘግባል፤ የዚያን ቀን ጀግኖች እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዳማ አጥሮቹን ንቆ ኩሬዎቹን አከበረ። የእንጨቱን ግንድ እንደዋዛ ያልፈዋል፣ ከግንዱ በኋላ ያለችውን የዝናብ ኩሬ ግን ሜትር ተኩል ወደ ላይ ተነሥቶ ይዘልላታል። ተመልካቹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ የዛቡ ቆዳ ርሶ እጇን እያንሸራተተው ነበር። እውነተኛው የውሃ መሻገሪያ ላይ ሲደርስ እግሩን ተከለ ልንል ስንል፣ አንዴ አሽትቶ ገባ። ቢያፈገፍግ 20 ቅጣት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሆን ብላ ያዘችው፣ በሶምሶማ አወረደችው፣ ሰዓቱ እየሮጠ። 28 ሴኮንድ ዘገዩ፤ 11.2 ቅጣት። ድምሩ 49.7። ለተሸላሚ የሚሰጠው ሪባን ሽታም የለውም። እሷ ግን ወርዳ አንገቱን አቀፈችው።

አምባላይ ሊወጣ 20 ደቂቃ ሲቀረው፣ ዛቡን ለእኔ ሰጥታ በእግሯ ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። በዚያ ሰዓት ከ100 በላይ ፈረሶች አልፈውበታል። አዘጋጆቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ አንድ አጥር አውጥተዋል፣ የመዝለያውን ቦታ ጠጠር አልብሰዋል። የማረፊያው መሬት ግን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። ተመለሰች። ለባለቤቱ አጠር አድርጋ ነገረችው፤ አይወጣም።

«ሁለተኛ ላይ ነን እኮ! ይህን ሁሉ መንገድ ነድቼ የመጣሁት ለዚህ ነው?»

በዚህ መካከል አንድ የተሻለ መጥቶ አልፎት ነበር፤ ሰውዬው ቆጠራውን አልሳተም።

«ዛሬ ተንሸራቶ ደነገጠ። አሁን ቁልቁለቱ ላይ ቢወድቅ፣ ወይም ባይወድቅም እንኳ አንዴ ደግሞ ቢፈራ፣ ያን ፍርሃት ለማስለቀቅ ዓመት ይፈጅብኛል። ፈረሱ ለሌላ ቅዳሜ ይደርሳል።»

«ሌሎቹስ? እየወጡ አይደለም እንዴ?»

«የሌሎቹን ፈረስ እኔ አልጋለብኩትም።»

ከዚህ በኋላ ንግግር የለም። እኔ ታኬታውን መፍታት ጀመርኩ። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ወረወረው። መሬቱ ግን ጎማውን ያዘና አልለቅም አለ፤ ትራክተሩ ነው ጎትቶ ያወጣው። በሳምንቱ ደውሎ የሚቀጥለው ውድድር መቼ እንደሆነ ጠየቀ።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በዝናብ ቀን ለጋ ፈረስ ይዞ የሄደ ሰው ለዚያ ቀን ሪባን ብሎ መሄድ የለበትም። ሎርድሺፕስ ግራፋሎ የተባለው ፈረስ በሮዛሊንድ ካንተር ጋላቢነት እ.ኤ.አ. በ2023 ባድሚንተንን ያሸነፈው በዝናብና በጭቃ ነው፤ 11 ዓመቱ ነበር። በ2025 ደግሞ ደገመው። 5 ዓመቱ ሳለ የትኛው ቅዳሜ እንዳለፈው ዛሬ የሚጠይቅ ሰው አለ?

በዚያ ቀን ውጤት ዝርዝር ላይ ዳማ ከነ49.7ቱ ከምድቡ አጋማሽ በታች ሰፍሯል። ከአምባላይ ስም አጠገብ «ራሱን አገለለ» ተብሎ ተጽፏል። ባድሚንተን ላይ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ፈረስ አይገባም። አምባላይ ገና 3 ዓመት ይቀረዋል።