አሥራት ወልደየስ

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ (1920–1991 ዓ.ም.) የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር እና የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት (መዐሕድ) መሥራች ሊቀ መንበር ነበሩ።

አዲስ አበባ ተወልደው ድሬዳዋ አደጉ። አባታቸው የተገደሉት በየካቲት 1929ኙ የፋሺስቶች ጭፍጨፋ ነው። ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተነሥተው በእስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ተመልሰው የአዲስ አበባን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ በዲንነትም መሩት። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐኪምም ነበሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጣ ሕመም ሞቱ ብሎ ሲያውጅ፣ አሥራት ይህን አልተቀበሉም። ሥልጣን ላይ ላለ ሰው ቃላቸውን የማያጥፉ መሆናቸው የታየው ያኔ ነው፤ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው ብዙ አስቀድሞ።

በሰኔ 1983 የሽግግር ጉባኤ ላይ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኙ። የጉባኤው ቻርተር እስከ መገንጠል የሚደርስ መብት መስጠቱን፣ የኤርትራንም መለየት ተቃወሙ። በተከታዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 7/1984 አገሪቱን በብሔረሰብ አካለለ።

መዐሕድ የተመሠረተው በጥር 1984 ነው። የብሔር ፖለቲካን አጥብቀው የሚነቅፉ ሰው በብሔር ስም የተጠራ ድርጅት መምራታቸው ያኔም ያጠያይቅ ነበር። ያነሣሣቸው ግን በበደኖ፣ በአርባ ጉጉና በሌሎችም ስፍራዎች በአማሮች ላይ የተፈጸመው ግድያ ነው።

  በ1985 ዓ.ም. ከአርባ በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ አሥራትም አብረው ተሰናበቱ። በሰኔ 1986 ዐመፅ አሢረዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በታኅሣሥ 1985 ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ደግሞ ተጨማሪ ሦስት ዓመት። ሌላም ክስ ተከትሎ ነበር። ጤናቸው እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተጎዳ። በታኅሣሥ 1991 ለሕክምና ተለቀው ውጭ ቢወጡም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ተሰይሟል። መዐሕድ ከጊዜ በኋላ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት (መኢአድ) ተብሏል።