የመግቢያ ፈተና ፍትሐዊነት፦ አንድ ፈተና፣ የተለያየ ዝግጅት

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። ሐኪም ለመሆን የሚመኙ ብዙ ተማሪዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ የሚሰጠውን የሕክምና ትምህርት ያልማሉ። ለዚህም ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ይጠበቅባቸዋል፤ አንደኛው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲሆን፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው የመግቢያ ፈተና ነው።

የፈተና ደጋፊዎች ዋነኛ መከራከሪያ፣ ወረቀቱ የተማሪውን ወገንና ሀብት አይጠይቅም የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ግን ምስጢሩ ሲጠበቅ ነው። በ2008 ዓ.ም ጥያቄዎቹ ቀድመው በመሰራጨታቸው ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል በሚልም ከ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ተደርጓል።

ውጤቱ ሌላ ችግር ገለጠ። በ2014 ዓ.ም ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 27,267ቱ፣ ማለትም 3.2 በመቶው አልፈዋል፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች ግን አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም ቁጥሩ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል።

አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ቤተ ሙከራ፣ መጻሕፍትና በቂ መምህራን ባሉበት ከተማ የተማረ ልጅና እነዚህ በሌሉበት ገጠር የተማረ ልጅ ለአንድ ጥያቄ እኩል ተዘጋጅተው አይቀርቡም። በአማራ ክልል በጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶቻቸው ተዘግተው የቆዩ ተማሪዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ቁናው ትክክል ቢሆንም ዝናብ ያገኘውና ያላገኘው ማሳ እኩል ምርት አይሰጡም።

መንግሥት ክፍተቱን ለማጥበብ፣ ግማሽ ነጥብ ላላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ጀምሯል። ወደዚህ መርሐ ግብር ለመግባትም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ያለ ነጥብ ተወስኗል። ይህ ድጋፍ የሚደርሰው ግን ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው።

ስለዚህ የፈተና ፍትሐዊነት በፈተናው አዳራሽ ብቻ አይመዘንም። ጥብቅ ቁጥጥር የሌላውን ድካም ሰርቆ የሚያልፈውን ይከለክላል፤ ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ መጽሐፍና መምህር ያላገኘውን ልጅ ግን አይክስም። እኩል ፈተና ፍትሐዊ የሚሆነው ከእርሱ በፊት ለ12 ዓመታት የተሰጠው ትምህርት ተቀራራቢ ሲሆን ነው።